አልፎ አልፎ የምትቆራረጥ መኪና

በተፈጥሮዬ ሰው አላምንም። ደሜ ውስጥ ያለ ነገር ነው መሰለኝ፤ ገና የወተት ጥርሶቼ ሳይነቃቀሉ ነው ቤተሰቡ «መርማሪዋ» የሚል ስም ያወጣልኝ። እንግዳ ቤታችን ገብቶ ሲወጣ ኪሱ አብጦ እንደሆነ የማይ፣ ባለሱቁ ሚዛኑ ላይ ጣቱን እንዳያስደግፍ አንገቴን የማሰግግ፣ እናቴ «ምንም አልሆንኩም» ስትል አፍንጫዋ ድረስ ተጠግቼ ዓይኗን የምመረምር ልጅ ነበርኩ። በኋላ መተዳደሪያዬም ከዚሁ ወጣ። ዛሬ ኢንሹራንስ መስሪያ ቤት ውስጥ የተጋጩ መኪናዎችን እየዞርኩ አያለሁ፤ ባለቤቶቹ የሚነግሩኝን ታሪክ አለማመን ነው ሥራዬ፣ ደህና አድርጌም እሠራዋለሁ። ልጅ ሳለሁ አንድ ዓመት ግን በዙሪያዬ ያለውን ሰው ሁሉ ጠርጥሬ አንዱን ብቻ ነፃ አወጣሁት።

አባቴ ዕቃ አመላላሽ ነበር። ሰው ቤት ሲቀይር አልጋውን፣ ቁም ሳጥኑን፣ ፍራሹን በአሮጌ ፒካፑ ጭኖ ያደርሳል። መኪናዋ በዕድሜ ትበልጠኛለች። ቀለሟ ድሮ ሰማያዊ ነበር ይባላል፤ እኔ የደረስኩባት ግን ዝገቷ ከቀለሟ ሲበልጥ ነው። አባቴ ስለሷ ሲያወራ ስለ መኪና የሚያወራ አይመስልም። «ዛሬ ደክሟታል»፣ «አትቆጧት፣ ትሰማለች» ይላል። እናቴ የልብስ ስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳ «እኔም ጎማ ቢኖረኝ ኖሮ ትዝ እልህ ነበር» ስትለው ይስቃል።

የኔ ሥራ መስታወት መያዝ ነበር። ከኋላ ተጭኖ ሳይሰበር የማይደርስ ዕቃ ቢኖር መስታወት ነው። ስለዚህ አባቴ ጋቢና ያስቀምጠኝና የሰውን መስታወት በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ጭኔ ላይ ያስደግፍልኛል። «አለቃዬ፣ ተዘጋጅተሻል?» ይለኛል። «ተዘጋጅቻለሁ!» እላለሁ። ከትምህርት ቤት መልስ ከሰዓቱን ሁሉ ከሱ ጋር ነበርኩ፤ በዓለም ላይ ከዚያ ጋቢና የተሻለ ቦታ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ክረምቱ ሲገባ መኪናዋን ሳል ያዛት። ዳገት ላይ ሙሉ ጭነት ይዛ ስትወጣ ድንገት «ትክ… ትክ… ትርርር» ትልና መላ አካላታችንን ታንገጫግጨዋለች፤ ጥቂት ትነጫነጭና ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ትሄዳለች። አንድ ቀን ታስቸግራለች፣ ሁለት ቀን ጨዋ ትሆናለች። አባቴ መጀመሪያ ቤንዚኑን ወቀሰ፤ ቀጥሎ ዝናቡን፣ ቀጥሎ የሰው ዓይን ነው አለ። መጨረሻ ላይ ወደ ጆሮ ጋራዥ ወሰዳት።

ጆሮ መካኒክ ነው፤ የአባቴ አብሮ አደግ። ስሙ የወጣለት የረጅሙን ካቻቢቴ ጫፍ ሞተር ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ደግፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ስለሚያዳምጥ ነው። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቅ ሰው አላጋጠመኝም። እኔ ግን ከመጀመሪያው ቀልቤ አልወደደውም። ኮፋኖዋን በመዳፉ እየዳበሰ «ይቺን ልጅ ለኔ ብትሸጥልኝ ኖሮ እንዲህ አትጎሳቆልም ነበር» ይለዋል አባቴን። አባቴ ይስቃል። እኔ አልስቅም። ቀልድ ብሎ ነገር የለም ባይ ነበርኩ፤ ሰው የልቡን ነው የሚናገረው።

ጋራዡ በቆርቆሮ የተሸፈነ ጠባብ ግቢ ነው፤ መሬቱ ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል። ጆሮ ሞተሩን አስነስቶ፣ ፒንሳውን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ወደ ካንዴላዎቹ የሚሄዱትን ሽቦዎች አንድ በአንድ መንቀል ጀመረ።

«ይኸውልሽ መርማሪዋ» አለኝ፣ «አራት ሠራተኛ አላት። አንዱን ስነቅልባት ከተንገዳገደች፣ ያ ሲሠራ ነበር ማለት ነው። ነቅዬባት ምንም ካልመሰላት ግን እሱ ነው ለጋሚው።»

አንዱን ነቀለ፤ ተንገዳገደች። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን፤ ሁሉም ሲነቀል ተንገዳገደች። ለጋሚ የለም።

«አየህ!» አለ አባቴ እጁን እያወናጨፈ። «እዚህ ስትደርስ ጨዋ ትሆናለች! መንገድ ላይ እኔን ልታዋርድ!»

«የሚመጣና የሚሄድ በሽታ ክፉ ነው» አለ ጆሮ። «ሐኪም ፊት ይደበቃል። ትዕግሥት ነው የሚፈልገው።»

ትዕግሥቱንስ አልነፍገውም። ትልቅ የሸራ ልባስ አመጣና በተከፈተው ኮፋኖ ላይ ጣለው፤ በጠራራ ፀሐይ ከሸራው ሥር ጨለማ ሆነ። ፀጉር ቆራጮች የሚጠቀሙበትን የውሃ መርጫ እጄ ላይ አስያዘኝና «ግቢ፤ ሽቦዎቹ ላይ እርጪ፣ እጅሽን ግን አትስደጂ» አለኝ። ከሸራው ሥር ቤንዚን፣ የጋለ ላስቲክና የሱ ላብ ይሸታል። ረጨሁ። ሞተሩ «ትክ… ትርርር» አለ፤ ሽቦዎቹ የሚሰባሰቡበት ጥቁር ክዳን ጎን ላይ አንድ ቀጭን ሰማያዊ ብልጭታ ሮጣ ስትጠፋ አየኋት።

«እዛ!» ብዬ ጮህኩ።

«የት?»

«እዛ ጋ፣ ክዳኑ ላይ! አንተ አላየህም?»

ክዳኑን ሲፈታው ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ተገኘች። ርጥበት ሲነካት እሳቱ በሷ በኩል ያመልጣል፤ ስትደርቅ ተመልሳ ጤነኛ ናት። ጆሮ ከክዳኑ ሥር የምትዞረውን አውራ ጣት የምታህል ጥቁር ዕቃም አውጥቶ አሳየኝ። «ይቺ ደግሞ እሳቱን ለአራቱም የምታድለው ናት። እሷ ከሌለች ይቺ መኪና ሬሳ ናት» አለኝ። አዳዪት ብዬ ስም አወጣሁላት። ክዳኑ ተቀየረ፤ እኛም እየዘፈንን ወደ ቤት ሄድን።

እውነት እላችኋለሁ፣ መኪናዋ ያን ቀን ድና ነበር። ይሄን ለማመን ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል።

ምክንያቱም ዝናቡ ካቆመ በኋላ እንደገና ጀመራት። አሁን የምትቆራረጠው ግን በሌላ ዓይነት ነው። ሳል የለም፣ መነጫነጭ የለም። የሆነ ማዞሪያ ጋ ስንደርስ፣ ወይ መንገድ ተዘጋግቶ ቀስ ስንል፣ ዝም ብላ ትንሸራተታለች፤ ከዚያ ድንገት ዘላ ቀጥ ትላለች። ሞተሩ ጠፍቷል። አባቴ መሪውን በመዳፉ ይመታና «አየሽ? ደግሞ ተቆራረጠች!» ይላል። አንድ ጊዜ የሙሽሮች የነበረ ባለ ወርቅማ ጠርዝ መስታወት ከጭኔ ወድቆ ተሰነጠቀ። ባለቤቷ ሴትዮ የማላውቀውን ስድብ ሁሉ አስተማረችን።

አባቴ ጋራዡ ድረስ ሄዶ ጮኸ። «ጠገንኩልህ ብለህ ምን አድርገህብኛል?»

ጆሮ ክዳኑን ፈታ፣ ካንዴላዎቹን አጸዳ፣ የቤንዚኑን መስመር ነፋ። ራሱ እየነዳ ከተማውን አዞራት፤ አባቴን አጠገቡ አስቀምጦ ዳገት አወጣት፣ ቁልቁለት አወረዳት። አንዴም አልጠፋችም። ተመልሶ ሲወርድ ፊቱ ላይ ያየሁትን ነገር አልወደድኩትም። አሃ፣ አልኩ በልቤ፤ በሱ እጅ ሲሆን ታምራለች፣ በአባቴ እጅ ሲሆን ትታመማለች። ነገር አለ ማለት ነው። እያወቀ የሆነ ነገር እያደረገባት ነው፤ አባቴ ተሰላችቶ በርካሽ እንዲሸጥለት።

በዚያው ሰሞን አባቴ ሻይ ሊጠጣ ወጣ ሲል ጆሮ ጠራኝ። የተጣለ ጎማ ላይ አስቀመጠኝና ፊት ለፊቴ ቁጢጥ አለ።

«መርማሪዋ፣ ስትቆራረጥ አንቺ አጠገቡ ነሽ አይደል?»

«አዎ።»

«መጀመሪያ ምን ትሰሚያለሽ? ሳል? ፍንዳታ?»

«ምንም።»

«ምንም ማለት?»

«ዝም ብላ ትንሸራተታለች። ከዚያ ትዘልና ትጠፋለች።»

«ከመዝለሏ በፊትስ ሞተሩ ይሰማሻል?»

አሰብኩ። «ይሰማል። ቀስ ብሎ ይሠራል።»

ካቻቢቴውን መሬት ላይ አስቀመጠው። «አባትሽስ ያን ጊዜ ምን ይላል?»

«ምን ይላል? ያስባላ።»

«እንዴት አድርጎ ነው የሚያስበው? እስቲ አሳዪኝ።»

ምን ዓይነት ጥያቄ ነው! ሰው እንዴት እንደሚያስብ አያውቅም እንዴ? ቢሆንም አሳየሁት። ዓይኔን ፊት ለፊት ተከልኩ፤ ከንፈሬን የሆነ ነገር እንደሚቀምስ ሰው መጠጥ መጠጥ አደረግሁ፤ በቀኝ እጄ ጣቶች ሱሪዬን ጭኔ ላይ ለቀም ለቀም አደረግሁ። አባቴ ሲያስብ እንደዚያ ነው።

«ስትጠሪውስ?»

«አይሰማም። እያሰበ ነዋ!»

ጆሮ ካቻቢቴውን ከመሬት አነሳ። ከዚያ ራሴን ዳበስ አደረገኝና «ጎበዝ» አለኝ፤ ድምፁ ግን የሚያመሰግን ሰው ድምፅ አልነበረም። ሮጬ ሄጄ እጄን ታጠብኩ። አባቴን በምላሴ የሸጥኩት ያህል ተሰማኝ፤ ምኑን እንደሸጥኩ ግን አላውቅም።

ዛሬ ሳስበው ምርመራው ያለቀው እዚያች ጎማ ላይ ነው። ጆሮ ሞተሩን ሳይነካ በሽታውን ያገኘው ያን ቀን ነው። አባቴ ማርሽ ሊቀይር ፍሪሲዮኑን ይረግጣል፣ ሞተሩም ጎማውን ይለቃል፤ እዚያው እንደረገጠ ከራሱ ይሄዳል። ዓይኑ ክፍት ነው፣ እጁ መሪው ላይ ነው፣ እሱ ግን የለም። ትንሽ ቆይቶ እግሩ ሲላላ መኪናዋ ትዘልና ትጠፋለች። ሲመለስ የሚያገኘው የሞተ ሞተር ነው። ታዲያ ማንን ይውቀስ? እኔም ብሆን መኪናዋን ነው የምወቅሰው።

ከዚያ በኋላ ጆሮ ቤታችን መመላለስ ጀመረ። የሚመጣው ደግሞ አባቴ በሌለበት ነው። ቀኑን እየመረጠ እንደሆነ ለማወቅ መርማሪ መሆን አያስፈልግም። እኔ የማጠና መስዬ መጋረጃው ኋላ ጆሮዬን ጣል አደርጋለሁ። እናቴ ግን ብልጥ ናት፤ ወሬው ሲጠነክር የስፌት መኪናዋን ታሽከረክራለች። «ትርርርርር» እያለ ይሸፍንባቸዋል። ክሩ ሲያልቅባት ወይ ጨርቁን ስታዞር ብቻ ቁርጥራጭ ይደርሰኛል።

«…ለጊዜው አትንዳት ብለው ሳቀብኝ። ትዳሬን ተውልኝ አለኝ» ይላል ጆሮ።

ትርርርርር።

«…ሰሞኑን አያናግረኝም። ትራሱን ይዞ ሳሎን ነው የሚተኛው» ትላለች እናቴ።

ትርርርርር።

«…እንግዲያው ከእጁ ማውጣት ነው። ሌላ መላ የለም።»

«ቢያውቅብኝ አይምረኝም።»

«ለልጅቷ ስትይ ነው። ነገ ምን ይመጣል ብለሽ ነው የምትጠብቂው?»

ማሽኑ ዝም አለ። እናቴ አፍንጫዋን ጠረገች። «እሺ። እስከ ቅዳሜ ብቻ። ቅዳሜ ነገሩ ይለይለታል» አለች።

መኪናዋን ከእጁ ሊያወጡ ነው! እናቴም አብራ አለችበት! ቅዳሜ ደግሞ ምንድነው? ገዢ ሊመጣ ነው? ወይስ ጆሮ መኪናዋን ነድቶ፣ እናቴን አጠገቡ አስቀምጦ፣ ስፌት መኪናዋን ከኋላ ጭኖ ሊሄድ ነው? የራሴን መስታወት ማን ይይዝልኛል? እንዲህ እንዲህ እያልኩ ራሴን አሞቅኩ። ዛሬ አውቃለሁ፤ ቅዳሜ የሐኪም ቀጠሮ ነበር። እናቴ «እኔን አሞኛል፣ አድርሰኝ» ብላ በታክሲ ይዛው ልትሄድ፣ ሐኪሙ ክፍል ሲገቡ ወንበሩ ላይ እሱን ልታስቀምጠው ነበር። ለራሱ ሄዶ እንደማይታይ ታውቀዋለች። «እኔ? ድንጋይ ነኝ እኮ!» ነበር የሚላት።

በማግስቱ አባቴ የሚጫን ዕቃ ሊያይ በእግሩ ሲወጣ ጆሮ መጣ። የመሣሪያ ሳጥን አልያዘም። በመስኮቱ ጥግ አየዋለሁ። ኮፋኖውን ከፈተ፣ ክዳኑን ላላ አደረገ፣ እጁን አስገብቶ አወጣ፤ አለቀ። እናቴ በር ላይ ቆማ ግራ ቀኝ ታያለች። መዳፏ ላይ ያስቀመጠላትን ነገር አወቅኳት፤ አዳዪት ናት! እናቴ ገብታ ከስፌት ሳጥኗ ሥር፣ ከቁልፎቹና ከክር ማጠንጠኛዎቹ በታች ቀበረቻት። እኔ ከመስኮቱ ሸሽቼ ምንጣፉ ላይ ተጋድሜ የማንኮራፋ መስያለሁ፤ አንድ ዓይኔ ግን ክፍት ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት አንጀት የሚበሉ ነበሩ። አባቴ ጠዋት ይወጣል፣ ቁልፉን ያዞራል፤ «ውይ ውይ ውይ ውይ» ብቻ። «ኧረ በናትሽ! ምን በደልኩሽ?» ይላታል። ጆሮ ተጠርቶ መጣና ኮፋኖ ውስጥ አቀርቅሮ የሚፈልግ መሰለ። «ዕቃ ጎድሏታል። ገበያ ላይ የለም፣ ቅዳሜ ይገባል ብለውኛል» አለ። ሲዋሽ ጆሮው ፍም መሰለ። ደንበኞች መጥተው ሌላ መኪና ይዘው ሄዱ። አባቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ባዶ እጁን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ሳየው ትልቁ ሰውዬ ትንሽ ሆነብኝ። እናቴ ምግብ አቅርባ ሳታየው ትመለሳለች። ሁለቱን ሌቦች ጥርሴ ውስጥ አስገባኋቸው።

አርብ ከትምህርት ቤት ስመለስ አላስቻለኝም። እናቴ ጓሮ ልብስ ስታሰጣ ሳጥኑን በረበርኩ፤ አዳዪትን ይዤ ደጅ ወጣሁ።

«አባዬ፣ ዓይንህን ጨፍን።»

ጨፈነ። መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። ዓይኑን ሲከፍት ፊቱ ላይ ደስታ ጠብቄ ነበር፤ የመጣው ግን አመድ ነው።

«ከየት አመጣሻት?»

«ከእማዬ ስፌት ሳጥን። የሰጣት ጋሽ ጆሮ ነው። በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ!»

አባቴ ተነሳ፣ ኮፋኖውን ከፈተ፣ አዳዪትን ቦታዋ አስገባት፣ ክዳኑን ገጠመ። ቁልፉን እንዳዞረው መኪናዋ እንደ አዲስ ተነሳች። «ግቢ» አለኝ። «አንቺ ትመሰክሪያለሽ። ዛሬ ያ ሰውዬ ዓይን ዓይኔን እያየ ይነግረኛል።»

የሞተሩን ድምፅ ሰምታ እናቴ ከጓሮ ወጣች። እርጥብ አንሶላ ትከሻዋ ላይ አለ፣ ጫማ አላደረገችም።

«ቁም! በፈጣሪ ቁም! ልጅቷን አውርዳት! ብቻህን ሂድ፣ ልጅቷን አውርዳት!»

«ሌቦች!» አለ አባቴ፤ ማርሽ አስገባ።

እናቴ የኋላውን ሳንቃ ይዛ ሮጠች። እጇ እስኪያመልጣት ሮጠች፣ ካመለጣትም በኋላ ሮጠች። እኔ በጎን መስታወቱ እያየኋት «ተነቃባት!» ብዬ ተደሰትኩ። ዛሬ በሥራዬ ከአደጋ የተረፉ ብዙ ሰዎች አያለሁ፤ እንደዚያ የሚሮጥ ሰው ግን ሁለተኛ አላየሁም።

ወደ ጋራዡ የሚወስደው መንገድ የእንጨት መሸጫው አጥር ጋ ሲደርስ ወደ ግራ ይታጠፋል። አጥሩ ሥር ሁልጊዜ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው አይጠፋም። አባቴ እየነዳ ያጉረመርማል። «አብሮ አደጌ! በአንድ ሳህን በልተን! ሲታመም አስታምሜው፣ ጋራዡን ሲከፍት ቆርቆሮውን በዚቺ መኪና ጭኜለት! እኔ ለሱ…»

ዝም አለ።

ዞር ብዬ አየሁት። ግራ እግሩ ፍሪሲዮኑ ላይ ነው፣ እጁ ማርሹ ላይ። ከንፈሩ መጠጥ መጠጥ ይላል። መንገዱ ወደ ግራ ታጠፈ፤ እኛ አልታጠፍንም።

«አባዬ?»

የቆሙት ሰዎች ፊታቸውን ወደኛ አዞሩ። አንዲት ሴት ሕፃን አዝላለች። አንድ ሽማግሌ በዱላ ተደግፈው ቆመዋል።

«አባዬ! ሰዎቹ! አባዬ!»

ጣቶቹ ሱሪውን ለቀም ለቀም ያደርጋሉ። በሁለት እጄ መሪውን ያዝኩና ወደኔ ጎተትኩ፤ ያ መሪ የሰው ልጅ የሚያዞረው ነገር አይመስልም ነበር፣ ትንሽ ብቻ እሺ አለኝ። መኪናዋ የእግረኛውን መንገድ ዘለለች። ሰው ጮኸ፣ ሰው ተበተነ፣ ሴትየዋ ከነልጇ ወደ ጎን ተወረወረች። የፊት ጎማው አጥሩ ሥር የተከመረ ጠጠር ውስጥ ገባና ቆምን። ሽማግሌው መሸሽ አልቻሉም ነበር። ጀርባቸው አጥሩ ላይ ተለጥፏል፤ በጉልበታቸውና በመኪናችን መሐል ስንዝር አይሞላም።

ማንም አልተነካም። ትንፋሼ ተመልሶ ሲገባ መጀመሪያ የሰማሁት ነገር ሞተሩን ነበር። እየሠራ ነው። አይስልም፣ አይነጫነጭም፤ ጆሮ ዓይኑን ጨፍኖ ሊያዳምጠው የሚመኘው ዓይነት፣ ልስልስ ያለ፣ የተስተካከለ ድምፅ።

አባቴ ምራቁን ዋጠ። ዓይኑን አርገበገበ። መሪውን በመዳፉ መታ።

«አየሽ?» አለኝ። «ደግሞ ተቆራረጠች!»

ሊያስነሳት ቁልፉን አዞረ። የሚሠራ ሞተር ላይ ቁልፍ ያዞረ ሰው ያውቀዋል፤ «ጭርርርርክ!» ብላ ጥርስ በሚያፋጭ ድምፅ ጮኸችበት። እጁን እሳት እንደነካው ሰው መለሰ። ከዚያ አዳመጠ።

«አልጠፋችም?» አለ ቀስ ብሎ።

«አልጠፋችም።»

«ጠፍታ አንቺ አስነሳሻት?»

«አልነካኋትም አባዬ። ስትሠራ ነበር።»

አጥሩን አየ። ሽማግሌውን አየ። ፍሪሲዮኑን የረገጠውን እግሩን፣ የሌላ ሰው እግር እንደሆነ ሁሉ፣ ጎንበስ ብሎ አየው።

«ምን እያልኩሽ ነበር?»

«‹እኔ ለሱ› ብለህ ዝም አልክ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ… እንደ ሁልጊዜው።»

«እንደ ሁልጊዜው» አለ ቃሌን እየደገመ። ሰዎች የመኪናዋን ጣሪያ በቡጢ መደብደብ ጀምረዋል። «ሰካራም! አውርዱት! ሊፈጀን ነበር እኮ!» ይላሉ። አባቴ እነሱን አልሰማም፤ አሁን ግን እያሰበ ነበር፣ በእውነት እያሰበ። ሁለቱ እንደማይመሳሰሉ ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት።

«ነይ እስቲ» አለኝ፤ ዓይኔን በዓይኑ ያዘው። «አንቺ ዋሽተሽኝ አታውቂም። እሷ ናት ወይስ እኔ ነኝ?»

«እሷ ናት» ልለው ፈልጌ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን መዋሸት የፈለግኩበት ቀን የለም። ጋቢናው፣ መስታወቱ፣ «አለቃዬ» የሚለው ሁሉ እዚያች አንድ ቃል ላይ ተንጠልጥሏል። ከመስኮቱ ውጪ ሴትየዋ መሬት ላይ ተቀምጣ የልጇን ራስ ትዳብሳለች።

«አንተ ነህ» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ሞተሩን አጠፋ። በሩን ከፍቶ ሲወርድ ሰዉ እየተንጫጫ ከበበው፤ አንዱ ኮሌታውን ያዘው። ሽማግሌው ቀለማቸው እንደተገፈፈ ዱላቸውን ከፍ አድርገው መጡ። አባቴ እጁን ለመከላከል እንኳ አላነሳም።

«አባቴ፣ ይምቱኝ» አላቸው። «አልጠጣሁም ግን። መኪናዋም ጤነኛ ናት። የታመምኩት እኔ ነኝ።»

ያቺን ቃል ከአፉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ለጆሮ ያልተናገራት፣ እናቴን ያስለቀሰባት ቃል ናት። ሽማግሌው ዱላቸው አየር ላይ እንዳለ ፊቱን ለጥቂት ጊዜ አዩት። ከዚያ አወረዱትና ኮሌታውን የያዘውን ሰውዬ «ልቀቀው፣ ታምሜአለሁ ይልሃል እኮ» አሉት። ክንዱን ይዘው ጠጠሩ ላይ አስቀመጡት። እኔ በሱ በኩል ወርጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

እናቴ በመንገዱ መታጠፊያ ብቅ አለች። አንሶላው የት እንደወደቀ አላውቅም። መኪናዋን አጥሩ ሥር ስታያት እጇን ራሷ ላይ ጭና ጮኸች፤ እኛን ስታየን መጮኋን አቆመችና ሩጫዋን ጨመረች። ደርሳ ፊታችን ስትቆም ከሁለታችን ማንን ቀድማ እንደምትይዝ ግራ ገብቷት እያለከለከች ቀረች። አባቴ ከጠጠሩ ሳይነሳ መዳፉን ከፈተና ቁልፉን ዘረጋላት።